ግንቦት 21 የጠጣሁት ውኃ

ደብረ ወርቅ ማርያም ያደረገችልኝን ሳልመሰክር እንዳልሞት ብዬ ነው የምጽፈው።

በ1979 ዓ.ም. ከቢቸና ገበያ ታፈስኩ። ጤፍ ልሸጥ ነበር የሄድኩት። አህያዬ ከነጭነቷ እዚያው ቀረች። በብሔራዊ ውትድርናው አዋጅ ግዳጁ 30 ወር ነበር፤ እኔ ከ4 ዓመት በላይ ቆየሁ። በእኛ አገር ያንን የኤርትራ ጦርነት የወደደ ሰው አላየሁም። ልጅ ያለው ሁሉ ልጁን ይደብቅ ነበር። እናቴ በሄድኩ በሳምንቱ ተሳለች፤ «ልጄን በዓይኔ ካሳየሽኝ ጃንጥላ አገባለሁ» ብላ።

መጋቢት 1980 ናደው ዕዝ የሚባለው ጦራችን አፍአበት ላይ ሲፈርስ እኔ ከረን ነበርኩ። የተረፉት ሲገቡ አይቻለሁ። ስለዚያ ብዙ አልናገርም።

ግንቦት 16 ቀን 1983 አስመራ ተያዘች። መንግሥቱ አገር ጥሎ ከወጣ 3 ቀን ሆኖታል። አዛዥ የለ፣ ስንቅ የለ። ወደ ሱዳን ነው ተባለና በባርካ ቆላ በእግራችን ወረድን። አብሮኝ የነበረ የደምበጫ ልጅ በአምስተኛው ቀን ግራር ሥር ተቀመጠ። «ትንሽ ልረፍ፣ እደርስባችኋለሁ» አለኝ። አልደረሰም። ዛሬም ግራር ሳይ እሱ ነው የሚታየኝ።

በማግሥቱ እኔም ወደቅሁ። ምላሴ ከላንቃዬ ተጣብቆ ድምፅ አልወጣ አለኝ። በልቤ «የደብረ ወርቋ፣ የእናቴን ስለት አስቢ» አልኩ። ቀኑ ግንቦት 21፣ የእመቤታችን የደብረ ምጥማቅ በዓል ዕለት እንደነበር የገባኝ ኋላ ስቆጥር ነው።

ዓይኔን ስገልጥ አንዲት ሴት ከፊቴ ቆማለች። የዚያው የቆላው ሰው ናት፤ ቋንቋዋን አላውቅም። በእርኮት ውኃ ይዛለች። ባንዴ አላጠጣችኝም። በመዳፏ እየጨለፈች መጀመሪያ ከንፈሬን አራሰች። ከዚያ ጠብታ፣ ከዚያ ጉንጭ ሙሉ። ውኃው የፍየል ቆዳ ይሸታል። የለበስኩትን የወታደር ልብስ እያየች ነው ይህን ያደረገችው። ያ ልብስ ለአገሯ ምን እንዳመጣ እሷ ሳታውቅ አትቀርም። ሲበቃኝ በጣቷ ፀሐይ መግቢያውን አሳየችኝና ሄደች።

«አጋጣሚ ነው» የሚሉኝ አሉ። እኔ ማን እንደላካት አውቃለሁ።

ከሰላ ገባሁ። ከዚያ በመተማ ጎንደር፣ ከጎንደር ባሕር ዳር። እየለመንኩ ነው የመጣሁት። «የደርግ ወታደር» ብሎ ያባረረኝም፣ እግሬን አጥቦ ያሳደረኝም አለ።

በፍልሰታ ጾም ቤት ደረስኩ። መርዶዬ ቀድሞኝ ነበር። እናቴ ግን «ማርያም ሳትነግረኝ ተዝካር አላወጣም» ብላ እምቢ ብላለች። ደጅ ቆሜ ሳያት የኔ ቢጤ መስያት ቁራሽ እንጀራ ይዛ ወጣች። «እማዬ» አልኳት። ቁራሹ ከእጇ ወደቀ።

ጃንጥላውን ለመግዛት 6 ዓመት ፈጀብን። በጥር 21፣ በአስተርዮ፣ እናቴ ራሷ ተሸክማ አስገባችው። እኔ ለዚያች ሴት ጧፍ ይዤ ነበር። ቄሱ በጸሎት እንዲያስቧት ስሟን ጠየቁኝ።

«አላውቀውም አባቴ» አልኳቸው። «ውኃ ያጠጣችው ብለው ያስቡልኝ።»