ሰሌን ጉንጎና ከድሬ፦ ሲደርቅ ለምን ይሳሳል?

ከዘንባባ ቅጠል የጎነጎንኩት ሦስተኛው ሰሌን ደርቆም ወደ ብርሃን ሲያነሡት ቀዳዳ አያሳይም። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ወንፊት ናቸው፤ ጤፍ ባይነፋባቸውም ባቄላ ይበጠርባቸዋል።

ስለ ቅጠሉ ባጭሩ። ወንዝ ዳርና ረግረግ የሚወደው ዘንባባ ቅጠሉ እንደ ላባ በዘንጉ ግራና ቀኝ የተሰደረ ነው፤ ከሥር ያሉት ወደ እሾህ ስለተለወጡ ያለ ወፍራም ጓንት አይነኩ። ዱም የሚባለው የቆላ ዘንባባ ደግሞ ቅጠሉ እንደ ማራገቢያ ይዘረጋል፤ የአፋር እናቶች ለቤት መሸፈኛ የሚጎነጉኑት ከእሱ ነው። ለሰሌን የሚሆነው ገና ያልተከፈተው፣ ነጣ ያለው ለጋ ነው። ከአንድ ግንድ አንድ ይበቃል፤ ቢላዋ ጠልቆ አናቱ ላይ ያለውን ቡቃያ ከነካ ያ ግንድ አበቃለት። ያረጀው ቅጠል ለመጥረጊያ ይሁን።

ቅጠሉን እኩል ለመሰንጠቅ ሁለት መርፌ በ5 ሚሊ ሜትር ርቀት እንጨት ላይ ተክሎ በመሐላቸው መሳብ ነው። ከዚህ የተሻለ መሣሪያ የለም። ወስፌ ለሐረር ስፌት እንጂ ለዚህ አያስፈልግም። በ11 ቅጠል፣ ሁለት አልፎ ሁለት እየገባ የሚሄድ ጉንጉን ወርዱ 4 ሳንቲ ሜትር ግድም ይወጣዋል። ሰሌኑ የሚሠራው ጉንጉኑ ጎን ለጎን እየተሰፋ ነው፤ 1 በ2 ሜትር ለሆነ ሰሌን ስፌቱ የሚበላው ተጨምሮ 60 ሜትር ጉንጉን ይያዝ።

አሁን ወደ ዋናው ጣጣ። ለጋ ቅጠል በውሃ የተሞላ ነው። እንደረጠበ ከተጎነጎነ የዛሬው ጥብቅ ያለ ሥራ ዓይን ይሸነግላል፤ ሲደርቅ ግን እያንዳንዱ ቅጠል በወርዱ ይኮማተራል፣ በርዝመቱ እምብዛም አያጥርም። ክፍተቱ የሚመጣው ከዚህ ነው። የሆሳዕና ቀለበት ሳምንቱ ሳያልቅ ጣት ላይ የሚላላውም በዚሁ ነው። ያላመነ አንድ እርጥብ ቅጠል ወረቀት ላይ አስቀምጦ ግራ ቀኙን በእርሳስ ያስምር፤ ሲደርቅ መልሶ መስመሩ ላይ ያስተኛው።

ስለዚህ መጀመሪያ ይድረቅ። ጥላ ላይ ሳስቶ ተዘርግቶ፣ በየቀኑ እየተገላበጠ፣ አንድ ሳምንት ያህል። የድሬ ፀሐይ ላይ ከተሰጣ ይጠቀለልና አይዘረጋም። ከዚያ ለአንድ ሰዓት ሥራ የሚበቃውን ብቻ ውሃ ውስጥ ነከር አድርጎ ማውጣት፣ በእርጥብ ጆንያ ጠቅልሎ አንድ ሰዓት መተው። ጣት ላይ ሲታጠፍ ካልተሰነጠቀ፣ ሲጨመቅም ጠብታ ካልወጣው ደርሷል።

በባልዲ ዘፍዝፎ ማሳደር የሚመክሩ አሉ። አልስማማም፦ ቅጠሉ መልሶ ያብጣል፣ የሳምንቱ ድካም ገደል ይገባል። ላስቲክ ውስጥ ማሳደርማ ከዚህም ይብሳል። በዚህ ሙቀት ጠዋት ላይ ጥቁር የሻጋታ ነጠብጣብ ይጠብቃል፤ በሳሙናም አይለቅም።

ተቃራኒው ችግር ከቀትር በኋላ ይመጣል። ደረቁ ንፋስ ቅጠሉን እጅ ላይ እያለ ያደርቀዋል፣ ጠርዝ ላይ የሚታጠፍበት ቦታ ቀጭ ይላል። የተሰነጠቀውን አሳልፎ መቀጠል ሞኝነት ነው፤ መጀመሪያ የሚበጠሰው እዚያው ነው። አዲስ ቅጠል አራት ጣት ያህል አደራርቦ ማስገባት ይሻላል። ሥራው ራሱ ማለዳ ወይም ፀሐይ ካዘቀዘቀች በኋላ ቢሆን ግማሹ ጣጣ ይቀራል።

ጉንጉኑ ካለቀ በኋላ ሁለት ቀን ክብደት ተጭኖበት ይደር፣ ከዚያ ይሰፋ። የጆንያ መርፌ ከድሬው ከፊራ ገበያ አይጠፋም። ክሩ ግን ከዚያው ከቅጠሉ ይሁን፤ ናይለን ሲሳብ ቅጠሉን እንደ ምላጭ ይቆርጠዋል።

ጠርዙ አሁንም ይጣመማል። ሲሰፋ አንዱ ጉንጉን ከሌላው ይበልጥ ስለሚሳብ ነው። መድኃኒቱ ሁለቱን ጎን ለጎን አስተኝቶ በየክንዱ ምልክት ማድረግና ምልክቶቹን እያገናኙ መስፋት ነው። ይህን እያወቅኩ ሁልጊዜ እዘለዋለሁ፤ ሦስተኛውም ሰሌን አንድ ጥግ ከሌላው ሦስት ጣት ይረዝማል።