ባንኮክን በእግር፦ ጠዋት ቤተ መቅደስ፣ ማታ ያዎራት

ለሕክምናም ሆነ ለንግድ ባንኮክ የሚመላለስ ኢትዮጵያዊ ብዙ ነው። አንድ ትርፍ ቀን ከተገኘ የድሮዋ ከተማ በእግር ትዳረሳለች፤ ሰዓት ያልጠበቀ እግረኛ ግን እኩለ ቀን ላይ ሙቀቱ ይጥለዋል። ቤተ መቅደሶቹን ጠዋት ጨርሱ፣ የመንገድ ላይ ምግቡን ለማታ አቆዩ። ሰዓቶቹ በእኛ አቆጣጠር ናቸው፤ በር ላይ 8:30 የሚል ካያችሁ 2 ሰዓት ተኩል ማለት ነው።

በምድር ውስጥ ባቡር ሳናም ቻይ ጣቢያ ውረዱና መጀመሪያ ታላቁ ቤተ መንግሥት ሂዱ። ትኬት ከ2 ሰዓት ተኩል ጀምሮ ይሸጣል፣ ዋጋው 500 ባህት (የታይላንድ ገንዘብ) ነው፤ አንድ ሰዓት ከዘገያችሁ የአስጎብኚ ቡድኖች ግቢውን ይሞሉታል። ልብስ ላይ ጥብቅ ናቸው። ትከሻና ጉልበት መሸፈን አለበት፤ እጅጌ በሌለው ልብስ ላይ ነጠላ ጣል ማድረግን በር ላይ ላይቀበሉት ስለሚችሉ እጅጌ ያለው ልበሱ። በግቢው ውስጥ ያለው የአረንጓዴው ቡድሃ ምስል ቁመቱ 66 ሴንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ሲሆን ከፍ ካለ መንበር ላይ ተቀምጧል። ልብሱ በዓመት ሦስት ጊዜ፣ እንደ ወቅቱ፣ ይቀየርለታል። ውስጥ ፎቶ ማንሳት ክልክል ነው።

በመንገድ ላይ አንድ ትሁት ሰው ቀርቦ «ቤተ መንግሥቱ ዛሬ ዝግ ነው፣ በርካሽ ባጃጅ ሌላ ቦታ ላሳያችሁ» ካለ አትከተሉት። ባጃጁ የሚወስዳችሁ ኮሚሽን ወደሚያገኝበት የጌጣጌጥ ወይም የልብስ ስፌት ሱቅ ነው። ዝግ መሆን አለመሆኑን በሩ ድረስ ሄዳችሁ ራሳችሁ እዩ።

ዋት ፖ (ዋት ማለት ቤተ መቅደስ ነው) ከቤተ መንግሥቱ ደቡብ በኩል ነው፤ መግቢያው 300 ባህት። የተጋደመው ቡድሃ ርዝመቱ 46 ሜትር፣ ከፍታው 15 ሜትር ነው። ብዙ ሰው ፊቱን ፎቶ አንስቶ ይወጣል፤ እኔ የምለው ግን እግሩ ሥር ቁሙ ነው። በሁለቱ ውስጥ እግሮች ላይ በሚያብረቀርቅ ዛጎል የተሠሩ 108 ቅዱስ ምልክቶች በየካሬያቸው ተደርድረዋል፤ ትንሽ ወደ ጎን ስትሉ የዛጎሉ ቀለም ከነጭ ወደ ሮዝና አረንጓዴ ይለዋወጣል። ከጀርባው 108 የነሐስ ሳህኖች በመስመር ቆመዋል፤ ሰዎች በየአንዳንዱ ሳንቲም እየጣሉ ስለሚያልፉ አዳራሹ ሙሉ ቀን ያቃጭላል።

ጫማ ማውለቅ ለእኛ እንግዳ አይደለም፣ ማሰሪያ የሌለው ጫማ ግን ድካም ይቀንሳል። ስትቀመጡ እግራችሁን ወደ ኋላ እጠፉት፤ ውስጥ እግርን ወደ ምስሉ ማዞር ነውር ነው። ደፉን አትርገጡ፣ ተሻገሩት። ሴቶች መነኩሴን መንካት የለባቸውም፤ ዕቃ በእጁ ማቀበልም እንዲሁ።

ከታ ቲየን መሳፈሪያ ጥቂት ባህት ከፍላችሁ በጀልባ ቻዎ ፕራያ ወንዝን ስትሻገሩ ዋት አሩን ነው፤ 200 ባህት። ማማው ከሩቅ የተቀባ ይመስላል፤ ቀርባችሁ ስታዩት የቻይና ሲኒና ሳህን ስብርባሪ በአበባ ቅርጽ ተለጥፎበታል። ደረጃው ቀጥ ያለ ስለሆነ ስትወርዱ ወደ ጎን ዙሩና ብረቱን ያዙ።

ከ6 እስከ 9 ሰዓት ጥላ ውስጥ እረፉ። ከዚያ በፓክ ክሎንግ ታላት የአበባ ገበያ አድርጋችሁ፣ በጠባቡ የሳምፔንግ መንገድ ወደ ምሥራቅ ያዙ። ዋት ትራይሚት ከ11 ሰዓት በፊት መድረስ አለባችሁ። እዚያ ያለው 5.5 ቶን የወርቅ ቡድሃ ለረጅም ዘመን በልስን ተሸፍኖ ስለኖረ ወርቅ መሆኑ ተረስቶ ነበር፤ በ1955 (እ.ኤ.አ.) ሲያንቀሳቅሱት ልስኑ ተሰንጥቆ ነው የታወቀው። መንገድ ስትሻገሩ መጀመሪያ ወደ ቀኝ ተመልከቱ፤ ታይላንድ መኪና የሚነዳው በግራ ነው፣ የእኛ ሰው ደግሞ ወደ ግራ ማየት ለምዷል። ሞተር ሳይክል በእግረኛ መንገድም ላይ ይመጣል።

12 ሰዓት ሲል የቻይናውያን ሰፈር የሆነው የያዎራት ጎዳና ዳር በምግብ ሻጮች ምድጃና ጠረጴዛ ይሞላል። ሰኞ ብዙዎቹ ስለማይወጡ ሌላ ቀን ምረጡ። ባለ 20 እና ባለ 100 ባህት ዝርዝር ያዙ።

የእኛ ሰው ትልቁ ጥንቃቄ የአሳማ ሥጋ ነው፤ መረቅ ውስጥም፣ መጥበሻ ስብ ውስጥም አለ። «ማይ ሳይ ሙ» ማለት አሳማ አትጨምር ነው፤ ይህ ግን ቀድሞ የተቀቀለውን መረቅ አይለውጠውም። ስለዚህ ሾርባውን ትታችሁ ዓይናችሁ እያየ ከባዶ የሚጠበሰውን ምረጡ፣ በምን ዘይት እንደሆነም ጠይቁ። ፓድ ታይ እንዲህ ነው የሚሠራው፦ ውሃ ውስጥ የራሰ የሩዝ ፓስታ በጋለ ጎድጓዳ መጥበሻ ይገባል፣ የሁመር ጭማቂ፣ የዘንባባ ስኳርና የዓሣ ሶስ ይፈስበታል፣ እንቁላል፣ ቶፉ (የአኩሪ አተር አይብ) እና የበቀለ ማሾ ይከተላሉ። መጥበሻው ካልጋለ ወይም ሻጩ የብዙ ሰው ትእዛዝ ባንዴ ካጨቀበት ፓስታው ውሃ ይቋጥርና ይጓጉላል፤ አንድ ሁለት ሰሃን ብቻ እየጠበሰ የሚያወጣ ጋ ተሰለፉ። ደረቅ ሽሪምፕ የተለመደ ስለሆነ ካልበላችሁ «ማይ ሳይ ኩንግ» በሉ። በርበሬው ሚጥሚጣ የለመደንም ያስለቅሳል፤ «ማይ ፔት» አታቃጥለው ነው።

ጾም ላይ ከሆናችሁ ቢጫ ባንዲራ ላይ በቀይ የተጻፈ፣ 17 ቁጥር የሚመስል ምልክት ፈልጉ። «ጄ» ይባላል፤ ሥጋ፣ እንቁላል፣ ወተትና የዓሣ ሶስ የለበትም፣ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት እንኳ አይገባበትም። «ማንግሳዊራት» የሚለው ግን እንቁላልና ወተት ሊኖረው ስለሚችል ለጾም አይሆንም። በማንጎ ወቅት፣ በተለይ ከመጋቢት እስከ ግንቦት፣ በኮኮናት ወተት የራሰ የሚጣበቅ ሩዝ ከማንጎ ጋር ጥሩ የጾም ጣፋጭ ነው።

በረዶ ያለበት መጠጥ ስትጠጡ መሃሉ ቀዳዳ ያለው ክብ በረዶ ከፋብሪካ የመጣ ነው፤ ከትልቅ የበረዶ ጡብ ተፈቅፍቆ የተሰጣችሁን ተዉት። ለመመለስ ዋት ማንግኮን ጣቢያ ከጎዳናው ጥቂት ደቂቃ ነው፤ ባቡሩ እስከ ሌሊቱ 6 ሰዓት ገደማ ይሠራል።