ሳንባውን ያልበላው ውሻ

ሽማግሌው የከባድ መኪና ማቆሚያ ዘበኛ ናቸው። ኮምቦልቻ የሚያድሩትን መኪኖች ሌሊቱን ከውሻቸው ከቡቺ ጋር ነው የሚጠብቁት። ቡቺን የእብድ ውሻ በሽታ የዓመት ክትባቱን ሊያስወጉት እኔ ወደምሠራበት የእንስሳት ክሊኒክ ይዘውት መጡ። ውሻው የክሊኒኩ በር ላይ ሲደርስ አራት እግሩን ተክሎ ቀረ።

ባልደረባዬ ገና ሲያየው ከወንበሩ ተነሳ። «ይሄ ያ የነከሰኝ ውሻ ነው» አለ። ባለፈው ዓመት፣ እኔ ወደዚህ ሳልዛወር፣ ሦስት ሰው ሆነው ከግድግዳ ጋር አጣብቀው ነበር የወጉት። በዚያ መሃል እጁን ነከሰው። ባልደረባዬ ቁስሉን በሳሙና ታጠበ፣ የበሽታውን መከላከያ መርፌ ራሱ መወጋት ጀመረ። ቡቺም ለ10 ቀን ክትትል ተደርጎበት ጤነኛ ሆኖ ተገኘ። ካርዱ ላይ ግን «ክፉ ነው» ተብሎ በትልቁ ተጽፏል።

እኔ ክፋት አላየሁበትም። ጭራው ሆዱ ሥር ገብቷል። ከንፈሩን ይልሳል፣ እንቅልፍ ሳይኖርበት ያዛጋል፣ የዓይኑ ነጭ ይታያል። የረገጠው ሲሚንቶ ረጥቧል። ውሻ ሲፈራ መዳፉን ያልበዋል። ከሥጋ ቤት ያመጣሁትን ቅቅል ሳንባ ጣል አደረግሁለት። አላሸተተውም። የጥበቃ ውሻ ሳንባ አፍንጫው ሥር ተቀምጦ ካልበላ ፍርሃቱ ከረሃቡ በልጧል ማለት ነው።

«ገመዱን አምጣና በአንድ ደቂቃ እንገላገል» አለ ባልደረባዬ።

«ዛሬ አንወጋውም።»

«እና ለምን መጣ?»

«ሳንባ ሊበላ።»

ተናደደ። «ውጭ በግና ላም ተሰልፎ አንተ ውሻ ትለማመጣለህ?»

ይሄኔ ሽማግሌው ገቡበት። ድምፃቸውን ከፍ እንኳ አላደረጉም። «ልጄ፣ እኔን ሦስት ጎረምሳ ግድግዳ ላይ አጣብቆ መርፌ ቢወጋኝ፣ ከርሞ እዚህ በር ላይ ታየኛለህ?»

ባልደረባዬ መልስ አልነበረውም። እኔም ብሆን ከዚህ የተሻለ መልስ አልነበረኝም። ትምህርት ቤት በሬ እንዴት እንደሚጣል፣ በቅሎ እንዴት እንደሚታሰር ተምረናል። እንስሳው በሚቀጥለው ዓመት በእግሩ እንዲመለስ ምን ይደረግ የሚለውን ግን ያስተማረን የለም። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ አንዴ ከታየ መዳኛ የለውም። ሰው ላይ ከሚደርሰውም እስከ 99 በመቶ የሚሆነው በውሻ የሚመጣ ነው። ክትባቱ ደግሞ በየጊዜው መታደስ አለበት። ባለቤቱ «እሱን ይዤ ሁለተኛ አልታገልም» ብሎ ከቀረ፣ ፍሪጅ ውስጥ ያለው ክትባት የሰፈሩን ልጅ አያድንም። ስለዚህ የውሻውን ፍርሃት ማብረድ የሕክምናው ክፍል ነው። ይህን ማንም ቅንጦት ሲለው ደስ አይለኝም።

ከአጥሩ ውጭ ዛፍ ሥር ወጣን። ጋውኔን አወለቅሁ፤ አልኮል አልኮልና ሌላ እንስሳ ይሸታል። ጎኔን ሰጥቼው መሬት ላይ ተቀመጥሁ። ዓይኑን አላየሁም፣ እጄንም ከራሱ በላይ አላነሳሁም። ሲወገር ላደገ ውሻ የተነሳ እጅ ድንጋይ ነው። ሳንባውን ቆራርጬ በተንሁለት። ቆየት ብሎ አንዷን አነሳ፣ ከዚያ ሌላዋን። በዚያው ወደ ቤት ሸኘናቸው።

ከዚያ ወዲያ ገበያ በሌለበት ቀን፣ ከሰዓት፣ ሆዱን ባዶ አድርገው እንዲያመጡት ተስማማን። አንድ ቀን በሩን አልፎ በልቶ ተመለሰ። ሌላ ቀን ሚዛኑ ላይ ቆመ። ሌላ ቀን የመርፌውን ክዳን ትከሻው ላይ ነካ አደረግሁለትና ሳንባውን በላ። ሽማግሌው ደግሞ ቤታቸው ሆነው፣ የአፍ መሸፈኛው ውስጥ ሥጋ እያደረጉ፣ አፍንጫውን ራሱ እንዲያስገባ አለማመዱት።

የክትባቱ ቀን ጠረጴዛ ላይ አላወጣነውም። መድኃኒቱን ቀዳሁ። የጠርሙሱን ጎማ የበሳ መርፌ ስለሚደንዝ በአዲስ ቀየርሁት። ሽማግሌው ከፊቱ ቁጢጥ ብለው «አብሽር ቡቺ፣ አብሽር» እያሉ ያጎርሱታል። ቆዳውን ቆንጠጥ አድርጌ ወጋሁት። ጆሮውን ወደ ኋላ መለስ አደረገ እንጂ መብላቱን አላቆመም። በጣም ነው ደስ ያለኝ።

ባልደረባዬ በር ላይ ቆሞ ሲያይ ነበር። ካርዱን አውጥቼ «ክፉ ነው» የሚለውን ሰረዝሁና «ይፈራል፤ ከውጭ ጀምሩ» ብዬ ጻፍሁበት። አልተቃወመኝም።

የወሩ ግምገማ ላይ ግን ቁጥሬ ትንሽ ነው ተባልሁ። ሪፖርቱ ላይ በሰላም የተወጋም፣ ታንቆ የተወጋም ውሻ እኩል «አንድ» ነው። ይሄ እስካሁን ያበግነኛል።

አሁን ውሻ ሲመጣ ባልደረባዬ ራሱ ይጠራኛል። ገበያ ውሎ ግቢው በበግ በሚሞላበት ሰዓት ግን ገመዱ ከተሰቀለበት ይወርዳል። ዓመቱ ሲዞር መዝገቡን አገላብጬ አየሁት፤ እንደዚያ ከተወጉት ብዙዎቹ አልተመለሱም። ስልክ የተጻፈባቸውን ካርዶች እየለየሁ ለባለቤቶቹ መደወል ጀምሬያለሁ። ከሰዓት አምጡት፣ ምሳ አትስጡት፣ ከአጥሩ ውጭ ጠብቁኝ እላቸዋለሁ።