ጠመንጃ የማያስቆመው ሌባ

በ2012 ዓ.ም. አባቴ ሲያርፉ ከወንድሞቼ ጋር በተከፋፈልነው ውርስ ለእኔ የደረሱኝ ሦስት ነገሮች ነበሩ፦ አንኮበር ወረዳ ውስጥ ለእርሻ የማይመች አንድ ተዳፋት ቁራሽ መሬት፣ ባንክ የተቀመጠ 60,000 ብር እና ከአያቴ ጀምሮ በቤቱ የኖረ ምንሽር የሚባል አንድ አሮጌ ጠመንጃ። ሦስቱን እንዴት እንደያዝኳቸው፣ ምን እንዳወጣሁባቸውና ምን እንደተማርኩባቸው ከዚያው ዓመት ጀምሮ በአንድ ደብተር ስመዘግብ ቆይቻለሁ። እንደ እኔው ከደመወዝ እየቆጠቡ ራሳቸውን ለመቻል ለሚሞክሩ ጓደኞቼ የማካፍለው የዚያን ደብተር ስድስት ዓመት ነው። ስጀምር ለምንሽሩ ሃያ ገጽ፣ ለገንዘቡ ሁለት ገጽ መድቤ ነበር፤ አመዳደቤ የተገላቢጦሽ እንደነበረ ለመረዳት ሁለት ዓመት ፈጅቶብኛል።

በፖለቲካ አመለካከቴ ሊበርታሪያን ከሚባሉት ወገን ነኝ። ይኸውም የሰው አካሉ፣ ላቡና የላቡ ፍሬ የራሱ ነው፤ ሌላው ሰው ያለፈቃዱ ሊነካበት የማይገባውን መንግሥትም መንግሥት ስለሆነ ብቻ ሊነካበት አይገባም ብዬ አምናለሁ ማለት ነው። (የመንግሥት ትምህርት ቤት መምህር ሆኜ ይህን ስናገር ባልደረቦቼ ደመወዜን እያነሱ ይስቁብኛል፤ መልስ የለኝም።) ቃሉ ባዕድ ቢሆንም ነገሩ ለአገራችን እንግዳ አይመስለኝም። በቀድሞው ዘመን ሁለት ሰዎች መንገድ ላይ ሲጣሉ አንዱ «በሕግ አምላክ» ካለ ሌላው እጁን መሰብሰብ ነበረበት፤ አላፊ አግዳሚውም ዳኛ ሆኖ ተቀምጦ ነገራቸውን ይሰማ ነበር እንጂ ሹም እስኪመጣ አይጠበቅም ነበር። እድርን፣ እቁብንና ወንፈልንም ያቋቋማቸው አዋጅ የለም።

ይህን እያመንኩ ምንሽሩን ወደ ስሜ ለማዛወር ፈቃድ መጠየቅ ግድ ሆነብኝ። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 የወጣው አባቴ ባረፉበት ዓመት ነበርና፣ ያለ ፈቃድ መያዝ ወንጀል መሆኑን እያወቅሁ የአያቴን ስም ጠርቼ ልከራከር አልቻልኩም። ወደ አንድ ጽሕፈት ቤት አራት ጊዜ ተመላለስኩ፤ የከበደኝ ግን ምልልሱ አልነበረም። የከበደኝ ራሱን ለመከላከል የሚሻ ሰው ስሙን፣ ቀበሌውንና የመሣሪያውን ቁጥር በአንድ መዝገብ ላይ ማስፈሩ ነው፤ መዝገቡን ዛሬ የያዘው ሰው ቅን ቢሆን እንኳ ነገ በማን እጅ እንደሚገባ ማን ያውቃል? ይህ ስጋት እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም። ቢሆንም አስመዘገብኩ፤ ያልተመዘገበ መሣሪያ ባለቤቱን ሊጠብቅ ቀርቶ ባለቤቱ እርሱን ሲደብቅ እንዲኖር ያደርገዋልና።

የመጀመሪያው ዓመት ትምህርት ስለ አያያዝ ሲሆን መምህሬም ታላቅ አጎቴ ነበሩ። መሣሪያውን ሳልከፍትና ጥይት መጉረሻው ባዶ መሆኑን በዓይኔም በጣቴም ሳላረጋግጥ ለማንም እንዳላቀብል፣ አፈሙዙን ባዶም ቢሆን ወደ ሰው እንዳላዞር፣ ኢላማዬን ካላየሁ ጣቴን ወደ ቃታው እንዳላስገባ በተደጋጋሚ አስጠንቅቀውኛል። ከአባቴ ዝናር ውስጥ ያገኘኋቸውን፣ ቀለሃቸው አረንጓዴ ዝገት የለበሰ ጥይቶች ለይቼ አስረከብኩ። ቀሪዎቹ ጥይቶች ቁልፉ ባለቤቴ ዘንድ በሚቀመጥ ሳጥን ውስጥ ናቸው፤ ምንሽሩ ደግሞ በሌላ ክፍል ይቆለፍበታል። በዚያው ዓመት በአንድ የዘመድ ሠርግ ላይ «ምንሽሩ ለምን አይጮህም?» ተብዬ አልተኩስም በማለቴ ፈሪ ተብያለሁ፤ ወደ ሰማይ የተተኮሰ ጥይት ተመልሶ የሚወርደው የሰው ራስ ባለበት ምድር ላይ መሆኑን ለሞቅታ ላይ ያለ ሰው ማስረዳት አይቻልም።

የደብተሩን አመዳደብ የቀየረው በ2014 ዓ.ም. ለፋሲካ አንኮበር የወረድኩበት ሌሊት ነው። እኩለ ሌሊት ካለፈ በኋላ ባልቴቷ ጎረቤታችን «እሪ! በጎቼን! ድረሱልኝ!» ብለው ሲጮሁ ምንሽሩን ይዤ ወጣሁ። በጨረቃዋ ብርሃን አንድ ሰው ሁለት በግ እየጎተተ ወደ ገደሉ አፋፍ ሲወርድ ይታየኛል። አቀባበልኩ፤ ሰውየውም በአፈሙዜ ፊት ነበር። ከኋላዬ የደረሱት አጎቴ ግን ክንዴን ይዘው «የምታየው ጀርባውን ነው፤ ተው» አሉኝ። ወዲያው የሴትየዋን እሪታ የሰሙት የታችኛው መንደር ሰዎች ችቦ ይዘው ሲወጡ ሌባው በጎቹን ለቆ ተሰወረ።

ወደ ደብረ ብርሃን ስመለስ የወንጀል ሕጉን (አዋጅ ቁጥር 414/1996) አንቀጽ 78 እና 79 ደጋግሜ አነበብኩ። ሕጋዊ መከላከል የሚባለው ሕገ ወጡ ጥቃት እየደረሰ ወይም ሊደርስ ተቃርቦ ሲገኝ፣ በሌላ መንገድ ሊመለስ የማይችል ሲሆንና የመከላከሉም እርምጃ ከጥቃቱ ጋር ሲመጣጠን ነው። አጎቴ ይህን አንቀጽ ያነበቡ አይመስለኝም፤ ነገር ግን በአራት ቃል ተርጉመውልኛል። እኔ ደግሞ ስለ ንብረት መብት ያነበብኩት ሁሉ በዚያች ቅጽበት ወደ መተኮሱ ያደላ ነበር። የንብረት መብት ቅዱስ ነው ማለት የሁለት በግ ዋጋ የሰው ነፍስ ያክላል ማለት እንዳልሆነ ለራሴ የጻፍኩት ያን ሰሞን ነው፤ በአመለካከቴ ላይ ካደረግኋቸው ማስተካከያዎች ሁሉ ትልቁም ይኸው ነው።

በዚያው ሳምንት ስለ ሁለቱ በጎች እያሰብኩ የባንክ ደብተሬን ገለጥኩ። ወለዱ በዓመት 7 በመቶ ነበር። የዋጋ ንረቱ ደግሞ በዚያ ዓመት ከ30 በመቶ በላይ ደርሶ ነበር። 30 ብቻ ብለን ብናሰላ እንኳ፣ የውርሱ 60,000 ብር ሙሉው ባንክ ቢቀመጥ በዓመቱ 64,200 ሲሆን በ60,000 ብር ይገዛ የነበረው ዕቃ 78,000 ይሆናል። የሚጎድለኝ 13,800 ብር ነው፤ በሩ ሳይሰበር፣ ውሻ ሳይጮህ፣ እሪ የሚልም ሳይኖር። 72ን ለዓመታዊው በመቶኛ በማካፈል አንድ ነገር በስንት ዓመት እጥፍ እንደሚሆን መገመት እንደሚቻል ለተማሪዎቼ አስተምራለሁ፤ በዚህ ስሌት ገንዘቤ እጥፍ ለመሆን ከ10 ዓመት በላይ ሲፈልግ ዋጋው ግን በሁለት ዓመት ተኩል እጥፍ ይሆናል። ያለ አዋጅ የሚሰበሰብ ግብር ማለት ይህ ነው፤ ከመንግሥት ጋር ያለኝ ጠብም ከመሣሪያ ፈቃዱ ይልቅ በዚህ ይብሳል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር አለፈ። ነገሩን በመርህ ደረጃ የምደግፈው ነበር፤ ኪሴ ግን መርህ አያውቅም።

ገንዘቡን ከባንክ ለማውጣት ያደረግሁት የመጀመሪያ ሙከራ ያሳፍረኛል። ገና 2013 ዓ.ም. ሳይጋመስ፣ የዋጋ ንረቱን በቅጡ ሳላሰላ፣ በሰው ወሬ ብቻ በምሥረታ ላይ ካለ አንድ ባንክ የ20,000 ብር አክሲዮን ገዝቼ ነበር። በዚያው ዓመት ብሔራዊ ባንክ ለባንኮች የሚጠየቀውን ዝቅተኛ ካፒታል ከ500 ሚሊዮን ወደ 5 ቢሊዮን ብር ሲያሳድገው የእኛው ባንክ ሳይመሠረት ቀረ። ዋናው ገንዘብ ከብዙ ጊዜ በኋላ ሲመለስልኝ የአገልግሎት ክፍያው አብሮ አልተመለሰም፤ ውሉ ላይ ተጽፎ ነበር፣ ያላነበብኩት እኔ ነኝ። በ2017 ዓ.ም. ኢትዮ ቴሌኮም 10 በመቶ ድርሻውን ለሽያጭ ሲያቀርብ ዝቅተኛውን መጠን፣ 33 አክሲዮን በ300 ብር ሂሳብ፣ በ9,900 ብር ገዛሁ። ዘጠና በመቶው በመንግሥት እጅ የሚቀር ድርጅት ላይ ድርሻ የገዛ ሊበርታሪያን ብላችሁ ብትስቁ ቅር አይለኝም።

ከዚያ በፊት ግን የጠየቅሁት አንድ ጥያቄ ነበር፤ መሸጥ ብፈልግ ገዢዬ ማን ነው? ይህን ጥያቄ የተማርኩት ከአንኮበር ታሪክ ነው። ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርተር ራምቦ ቅኔውን ትቶ ነጋዴ ከሆነ በኋላ ወደ 2,000 የሚጠጉ ጠመንጃዎች በግመል አስጭኖ ከታጁራ ወደብ ተነሥቶ በ1879 ዓ.ም. አንኮበር ደረሰ። ምኒልክን ያገኛቸው እንጦጦ ነበር፤ ንጉሡም ዋጋውን በእጅጉ አስቀነሱት፣ የሞተውንም የንግድ ሸሪኩን ዕዳ ከሂሳቡ ላይ ቆረጡበት። ሰውየው ያን ሁሉ በረሃ አቋርጦ ከመጣ በኋላ ያንን ሁሉ መሣሪያ ለሌላ ለማን ሊሸጠው ይችል ነበር? የአክሲዮን ገበያ ከመከፈቱ በፊት እኛም እንደ ራምቦ ነበርን፤ የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ በጥር 2017 ዓ.ም. በመከፈቱ የተደሰትኩት ዋጋ ይጨምርልኛል ብዬ ሳይሆን ከአንድ በላይ ገዢ የሚገኝበት ቦታ ይኖራል በሚል ነው።

ከሁሉ የተሻለው ውጤት ያለው ግን ማንም ባልፈለገው ተዳፋት ላይ ነው። መሬት በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት የማይሸጥ የማይለወጥ በመሆኑ የእኛ አገር ገበሬ ገንዘቡን መሬት ላይ የሚያስቀምጥበት መንገድ ባሕር ዛፍ ነው። በ2013 ዓ.ም. ክረምት 800 ችግኝ አስተከልኩ፤ ሰባት መቶ ያህሉ ጸድቋል። ሲቆረጥ ከጉቶው መልሶ ያቆጠቁጣል። አባቴ ከላይ ደጋው ላይ ገብስ፣ ከታች ቆላው ላይ ማሽላ የሚዘሩት ለምን እንደሆነ በልጅነቴ አይገባኝም ነበር፤ ውርጭ አንዱን ሲመታ ሌላው ይተርፍ ነበር። እኔም አሁን ገንዘቤን በዛፉ፣ በአክሲዮኑ፣ በአጎቴ ዘንድ በእኩል በማረባቸው በጎችና ቤት በማስቀምጠው ጥቂት ጥሬ ገንዘብ ከፋፍያለሁ። ጥሬ ገንዘቡን የጨመርኩት በኅዳር 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ወደ ደብረ ሲና በተጠጋ ጊዜ ከባንክ ማውጣት አቅቶኝ ከጎረቤት ስለተበደርኩ ነው።

በዘንድሮው መዝገብ ምንሽሩ የያዘው ግማሽ ገጽ ነው፤ ሁለት ጊዜ ተወልውሏል፣ አልተተኮሰም። ዛፉ ግን በመጪው ጥር ለመጀመሪያ ጊዜ ይቆረጣል። በቁሙ ልሽጠው ወይስ ራሴ አስቆርጬ በአጠና በአጠና ላቅርበው የሚለውን ገና አልወሰንኩም፤ በአንኮበርም ሆነ በባሶና ወራና በኩል በዚህ የቀደማችሁኝ ካላችሁ የቆራጩንና የጭነቱን ወጪ ጨምራችሁ ሂሳባችሁን ብታሳዩኝ እኔም ከጥር በኋላ የእኔን አሳያችኋለሁ።