ከልጄ ጋር ስዳኝ ያጠፋሁት

ልጄ 15 ዓመቷ ነው። ደሴ ውስጥ የታዳጊዎችን ጨዋታ አብረን መዳኘት ከጀመርን አንድ ዓመት አለፈን። ይህን የምጽፈው ልጁን ይዞ ሜዳ ለመግባት ለሚያስብ ወላጅ ነው። እኔን ቀድሞ የነገረኝ ሰው አልነበረም።

አጀማመሩ ቀላል ነው። ኮርሱን ወሰደች፣ የአካል ብቃት ፈተናውን አለፈች፣ ፊሽካና ባንዲራ ገዛንላት። 17ቱን የጨዋታ ሕጎች ማታ ማታ ቡና እየተፈላ ተጠያየቅን። ኢትዮጵያዊቷ ዳኛ ሊዲያ ታፈሰ የሴቶች ዓለም ዋንጫ ላይ መዳኘቷን ስነግራት "እኔስ?" ያለችኝን አልረሳውም።

የከፋው ቀን ቅዳሜ ነበር፤ ከ15 ዓመት በታች ግጥሚያ። ከጦሳ ተራራ የወረደው ጉም ገና አልተገፈፈም። ሜዳው አጥር የለውም፣ ተመልካቹ መስመሩን ረግጦ ነው የሚቆመው። እኔ ዋና ዳኛ፣ እሷ የመስመር ዳኛ። ከመጀመሩ በፊት ከአዘጋጆቹ አንዱ ጠጋ ብሎ "ልጅህ መሆኗን ለአሰልጣኞቹ አትንገር፤ ወሬ ይበዛል" አለኝ። እሺ አልኩ። ባልሰማው ይሻለኝ ነበር።

ከእረፍት በኋላ ኳሷ በልጄ በኩል ወጣች። እኔ ሲጓተቱ የነበሩ ሁለት ልጆችን እያስጠነቀቅኩ ነበር። ዞር ስል ኳሷ አየር ላይ ናት። አጥቂው ከተከላካዮቹ ጀርባ ብቻውን ተቀብሎ አገባ።

"ኦፍሳይድ!" ሜዳው በጩኸት ተናጋ። ልጄን አየኋት። ባንዲራዋን አላነሳችም። እንደተማረችው መስመሩን ይዛ ወደ መሀል ሜዳ መሮጥ ጀምራለች። ጎል የገባበት ቡድን አሰልጣኝ "ልጅህ ስለሆነች ነው!" ብሎ ጮኸ። ለካ ሁሉም ያውቃል። "ሌባ! ሌባ!" ተጀመረ።

ሄድኩባት። የባንዲራውን ዱላ በሁለት እጇ ጨብጣዋለች፤ ጨርቁ ይንቀጠቀጣል። "አባ፣ እጅ ውርወራ ነው እኮ" አለችኝ ቀስ ብላ።

ከእጅ ውርወራ በቀጥታ የተቀበለ ተጫዋች ኦፍሳይድ አይባልም። ከመልስ ምትም ከማዕዘን ምትም እንደዚያው። ያስተማርኳት እኔ ነኝ። ግን "ለልጁ አደላ" እንዳልባል ፈራሁ። ሰው እየሰማ "ዝም በይ!" አልኳት። ጎሉን ሻርኩ።

ጨዋታው አንዴ ከቀጠለ ደግሞ ውሳኔ አይመለስም፤ ሕጉ አይፈቅድም። ከዚያ በፊት ግማሽ ደቂቃ ቆሜ ባስብ ይበቃኝ ነበር። አላሰብኩም። ጎሉ የተሻረበት ቡድን 1 ለ 0 ተሸነፈ። ጎሉን ያገባው ልጅ ማሊያውን ፊቱ ላይ ጎትቶ ሲያለቅስ አየሁት።

ጥፋቴን ሪፖርቱ ላይ ልጽፍ ስል ያው አዘጋጅ መጣ። "ተወው፣ ልጅቷ ገና ጀማሪ ናት፣ ተሳሳተች ይባላል በቃ።" እሷ እኮ አልተሳሳተችም! እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። እንዳለ ጻፍኩት፤ ከዚያ ቀን የምኮራበት ነገር እሱ ብቻ ነው።

ቤት እስክንደርስ ቃል አልወጣትም። እናቷ "አብሽሪ" ብትላትም ዝም። ማታ ይቅርታ ጠየቅኳት። "የጮህክብኝ ሜዳ ላይ ነው፤ ይቅርታውም እዚያ ይሁን" አለችኝ። በሳምንቱ ሁለቱ ቡድኖች ተሰልፈው ባሉበት ጠየቅኳት። ያን ጊዜ ነው ቀና ብላ ያየችኝ።

እና የምመክረው፦ ልጃችሁ መሆኑን ለሁለቱም አሰልጣኞች ፊት ለፊት ንገሩ፤ አዘጋጅ የፈለገውን ይበል። ሜዳ ውስጥ "አባ" እና "ልጄ" አይኑር። አበሏን በእጇ ትቀበል። ደግሞ ጀማሪ በባንዲራ ይጀምር የሚባለውን አልቀበልም። መስመር ላይ ያለ ልጅ ጆሮው ስር ነው የሚሰደበው። ፊሽካውን ለልጁ ስጡ፣ ስድቡን እናንተ መስመሩ ላይ ተቀበሉለት።

ባለፈው ቅዳሜ ከ13 ዓመት በታች ጨዋታ ነበረን። ፊሽካው እሷ ጋ፣ ባንዲራው እኔ ጋ። በ12ኛው ደቂቃ ኦፍሳይድ ብዬ አነሳሁ። ኳሷን ወደ ኋላ የመታት ተከላካዩ ራሱ ነበርና ኦፍሳይድ አልነበረም፤ እሷ ቅርብ ሆና አይታለች። ወደ እኔ ዞረች፤ በእጇ አውርድ አለችኝ። አወረድኩ።