ወንድሜ ገባ፣ እኔ ቀረሁ

ደሴ ተወልጄ አድጌ ሐይቅን አላውቀውም ስል ሰው አያምነኝም። 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት እኮ! ወልድያ ስሄድ በመስኮት አይቻታለሁ፣ ወርጄ ግን አላውቅም። ባሕር ልናይ ነው ብለው ጅቡቲ ድረስ የሚሄዱ ጓደኞች አሉኝ። እኔ አቅሜን አውቄ ቅዳሜ ጠዋት ታናሽ ወንድሜን ይዤ መናኸሪያ ሄድኩ። ሚኒባሱ እስኪሞላ አንድ ሰዓት ያህል ፀሐይ ላይ ቆምን። ስለ መንገዱ የምለው የለኝም፣ ተኝቻለሁ።

ከተማዋም ሐይቅ፣ ውሃውም ሐይቅ። ስንወርድ የባጃጁ ልጅ እስጢፋኖስ ገዳም ድረስ 200 ብር አለን። "ሩቅ ነው፣ መንገዱም አይመችም" አለ። ሩቅ አይደለም። ስንመለስ ሌላው ልጅ በ60 ብር አመጣን። ያናደደኝ ብሩ አይደለም፣ "አብሽሪ እህቴ፣ ላንቺ ስለሆነ ነው" ማለቱ ነው። ደሴ ውስጥ የሚያጭበረብርሽ ሰው ቢያንስ ዘመድ አይሆንሽም።

ገዳሙ ሴት አያስገባም። አውቅ ነበር፣ ግን አውቆ መምጣትና በሩ ላይ መቆም ለየቅል ነው። ወንድሜ እየሳቀብኝ ገባ። እኔ ዛፍ ጥላ ስር ቡና ወደሚያፈሉ እናት ጠጋ አልኩ። "ነይ ልጄ፣ ቁጭ በይ፣ እሱ ቶሎ አይወጣም" አሉኝ። አቦሉን ሰጥተውኝ የሐይቁን ታሪክ ጀመሩ። ድሮ አንዲት ልዕልት ነፍሰ ጡር ሴት በደለች፤ እግዜር ተቆጥቶ አገሩን ሁሉ ውሃ አደረገው፤ ልዕልቷም ከነዘመዶቿ ሰጠመች፤ ያቺ ሴት የተቀመጠችበት መሬት ብቻ ደረቅ ሆኖ ቀረ። "ይኸው፣ ገዳሙ ያለው እዚያ ላይ ነው" አሉ።

"እማማ፣ ታዲያ ለሴት ተብሎ የተረፈ መሬት ላይ ሴት የማትገባው ለምንድን ነው?" አልኳቸው።

ረጅም ሳቅ ሳቁ። "አንቺ ልጅ፣ ቡናሽን ጠጪ።"

ሦስቱንም ጠጣሁ፣ የአንዱን ብቻ ነው የተቀበሉኝ። እዚያ ቁጭ ብዬ ያየሁትን ለማንም አልለውጠውም። ገዳሙ ያለበት ወገን ዛፉ ጥቅጥቅ ያለ ነው፣ ማንም አይቆርጠውም፣ ወፉም የሚጮኸው እዚያ ነው። በሌላው በኩል ማሳው ውሃው ጫፍ ድረስ ወርዷል፣ ጫቱም አብሮ። አንድ ዓሣ በል ንስር ከዛፍ ተወርውሮ ውሃውን በጥፍሩ ነካና ባዶውን ተመለሰ። ሁለቴ ሞከረ፣ ሁለቴም ባዶ። አዘንኩለት።

ወንድሜ ከአንድ ሰዓት በላይ ቆይቶ ወጣ፤ የሚያወራው ግን ግማሽ ግማሹን ነው። ገዳሙን በ13ኛው ክፍለ ዘመን ስመ ጥር ያደረጉት አባ ኢየሱስ ሞዓ ናቸው፣ አቡነ ተክለ ሃይማኖትም እዚህ ተምረዋል። ከ700 ዓመት በላይ የሆነው የአባ ኢየሱስ ሞዓ ወንጌልም የዚህ ገዳም ነው። "አየኸው?" ስለው "መሰለኝ" አለ። መሰለኝ! እኔን ቢያስገቡኝ ቀለሙን ሳይቀር እነግራችሁ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1531 የግራኝ ጦር በውሃ ተሻግሮ እንደያዘው ግን በደንብ ሰምቷል። ያኔ ደሴት ነበር፤ ዛሬ ባጃጅ ይገባበታል።

ምሳ ቆሮሶ በላን፣ ተጠብሶ፣ ከዳጣ ጋር። ዓሣው ከሌላ ቦታ መጥቶ የተለቀቀ ነው አሉን። እንግዳ ይሁን አገሬ፣ ጣቱን የሚያስልስ ነበር።

ሌሊቱን ባላነሳው ደስ ይለኝ ነበር። ያደርንበት አልቤርጎ አጎበሩ ቀዳዳ ነው፣ ውሃ የለም፣ ሐይቅ ዳር ሆኖ ውሃ የለም! የደሴን ብርድ ስሳደብ ኖሬ ያን ሌሊት ናፈቀኝ፤ ብርድ ቢያንስ ጆሮ ስር አይዘፍንም። ሌሊት አስር ሰዓት አካባቢ ቅዳሴው ጀመረ፣ ትንሽ ቆይቶ አዛኑ ተከተለ፣ ከዚያ በኋላ መተኛት የለም።

ተነስተን ወደ ውሃው ሄድን። ጉም ነበረ፣ ጀልባዎቹ ጥላ መስለው ይመጣሉ። ከአንዱ ዓሣ አጥማጅ አምስት ዓሣ ገዝተን በፌስታል ይዘን ሚኒባስ ገባን። ረዳቱ አሸተተና "የዓሣ ሂሳብ" ብሎ 20 ብር ጨመረብን። ከፈልኩ።