ላፕቶፔን ከዊንዶውስ 11 ወደ 10 ስመልስ ያየሁት አበሳ

ላፕቶፓችሁን ከዊንዶውስ 11 ወደ 10 ለመመለስ ያሰባችሁ ካላችሁ፣ ፍላሽ ከመግዛታችሁ በፊት ይህን አንብቡ። መጫኑ ራሱ ቀላል ነው። አበሳው ያለው ማንም የማይነግራችሁ ቁልፍ ላይ ነው፤ 48 አሃዝ ያለው ቁልፍ። ለእኔ አስቀድሞ የነገረኝ ሰው አልነበረም። የአንድ ሴሚስተር ሮስተር የተረፈልኝ ለጥቂት ነው።

የማስተምረው ደብረ ሲና ነው፣ ሁለተኛ ደረጃ። ላፕቶፑን የገዛሁት አዲስ አበባ ነው፤ ያገለገለ፣ ከውጭ የገባ። 4 ጂቢ ራም፣ 128 ጂቢ ኤስኤስዲ። ሻጩ ፎርማት አድርጎ አዲሱን ዊንዶውስ 11 ጭኖበት ነው የሰጠኝ። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 11 ዝቅተኛው ራም 4 ጂቢ ነው ይላል። እኔ በዚህ አልስማማም። 4 ጂቢ ማሽኑን ለማስነሳት ይበቃል፤ ሥራ ለመሥራት አይበቃም። ማርክ ሊስቱን በኤክሴል ከፍቼ ጎን ለጎን የፈተና ወረቀት በወርድ ስከፍት ማሽኑ ቀጥ ይላል። ራም እንዳልጨምር ደግሞ ከቦርዱ ጋር የተበየደ ነው።

ዊንዶውስ 11ን ከ10 ላይ አሻሽላችሁ ከሆነ የጫናችሁት፣ መመለሻው እዚያው ሴቲንግ ውስጥ አለ። ሲስተም፣ ከዚያ ሪከቨሪ፣ ከዚያ «ጎ ባክ»። የሚሠራው ግን ለ10 ቀን ብቻ ነው። ከ10 ቀን በኋላ የድሮው ዊንዶውስ የተቀመጠበት ፎልደር በራሱ ይጠፋል። የእኔ ከባዶ ስለተጫነ ይህ መንገድ ከመጀመሪያውም አልነበረኝም። ያለኝ ምርጫ በፍላሽ መጫን ብቻ ነበር።

ደብረ ብርሃን አንድ ጥገና ቤት ወሰድኩት። ጣርማ በርን በጉም ውስጥ ወጥቼ ስደርስ ልጁ ገና ሳይከፍተው «ቲቸር፣ ፎርማት ላድርገው?» አለኝ። ሮስተሩ ውስጥ ነው፣ መጀመሪያ ዳታው ይገልበጥ አልኩት። «ችግር የለም» አለ። ከዚያ ግን ምንም ሳይገለብጥ ባዮስ (ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት ያለው የማሽኑ ሴቲንግ) ውስጥ ገባና ሴኪዩር ቡትን (ያልታመነ ሶፍትዌር ማሽኑን እንዳያስነሳ የሚከለክለውን ጥበቃ) አጠፋ። ፍላሹ እንዲነሳ ነው አለኝ። ፍላሹ አልተነሳም። ማሽኑ ወደ ራሱ ዲስክ ሄደና ሰማያዊ ስክሪን አመጣ። «ቢትሎከር ሪከቨሪ» ይላል፤ ቢትሎከር የዊንዶውስ የዲስክ መቆለፊያ ነው። 48ቱን አሃዝ አስገባ ይላል፤ ስድስት ስድስት አሃዝ፣ ስምንት ቦታ።

ልጁ ስክሪኑን አየና «ፓስወርድህን አስገባ» አለኝ። አስገባሁ። አይደለም። ኮምፒውተሩ የሚከፈትበት ፓስወርድ ሌላ፣ ይህ ሌላ። ከዚያ የመጣለት ሐሳብ ያው ነው፦ ፎርማት። ጎረቤቱ ያለው ሌላ ጥገና ቤት ደግሞ «ቲፒኤሙን ክሊር እናድርገው፣ ይከፈታል» አለኝ፤ ቁልፉ ያለበትን ቺፕ እናጽዳው ማለቱ ነው። ሁለቱም እንዳይነኩት ብዬ ይዤው ወጣሁ። በዚህ እስከ ዛሬ ደስ ይለኛል።

አሁን ነገሩን ላስረዳ፤ እነሱ ሊያስረዱኝ ሲገባቸው አላስረዱኝማ። ዊንዶውስ 11 ሲጫንና በማይክሮሶፍት አካውንት ሲከፈት ዲስኩን በራሱ ይቆልፋል። «ዲቫይስ ኢንክሪፕሽን» ይሉታል። ከ24ኤች2 እትም ወዲህ ደግሞ ድሮ የማይቆለፉ ብዙ ማሽኖችም ከባዶ ሲጫኑ በራሳቸው ይቆለፋሉ። ቁልፉ ቲፒኤም በሚባል ቺፕ ውስጥ ይቀመጣል። ማሽኑ እንደወትሮው ሲነሳ ቺፑ ቁልፉን ይሰጣል፤ እናንተ መቆለፉን እንኳ አታውቁም። ሴኪዩር ቡትን የመሰለ ነገር ከተለወጠ ግን ቺፑ «የሆነ ሰው ነካክቶኛል» ብሎ ቁልፉን ይከለክላል። ያኔ 48ቱ አሃዝ ይጠየቃል። አሃዙ የተቀመጠው መጀመሪያ በገባው ሰው የማይክሮሶፍት አካውንት ላይ ነው።

መጀመሪያ የገባው ደግሞ ሻጩ ነው! ማሽኑን በራሱ አካውንት ከፍቶ፣ ኋላ ለእኔ ሌላ ዩዘር ፈጥሮ፣ የራሱን አጥፍቶ ሸጠልኝ። የእሱ ስም ከማሽኑ ላይ ጠፋ፤ የእኔ ዲስክ ቁልፍ ግን እሱ ኢሜይል ውስጥ ቀረ።

ደወልኩለት። «ወንድሜ፣ እኔ የሸጥኩልህ ላፕቶፕ ነው፣ የምን ቁልፍ ነው?» አለኝ። ቀስ ብዬ አስረዳሁት። በአካውንትህ ግባና ዲቫይስ የሚለው ውስጥ ሪከቨሪ ኪ ፈልግልኝ አልኩት። ብዙ ማሽን በብዙ ኢሜይል እንደሚከፍት፣ የትኛው እንደሆነ እንደማያስታውስ ነገረኝ። ፓስወርዱን የማያውቀው ኢሜይልም አለው። ነገ ደውል አለ። በነጋታው ስልክ አያነሳም። አዲስ አበባ ወርጄ ሱቁ ድረስ ሄድኩ። ሠራተኛው «ፎርማት ብናደርግልህስ፣ በነፃ» አለኝ። የሰው ንብረት ሸጦ ቁልፉን ኪሱ የሚያስቀር ነጋዴ፣ በነፃ አጠፋልሃለሁ ሲል መስማት ያናድዳል። እስካሁንም ያናድደኛል። የሮስተር ማስረከቢያው ቀን እየደረሰ ነበር፤ እኔ ደግሞ የሆም ሩም መምህር ነኝ።

መፍትሔው የመጣው ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተር ከሚማር የቀድሞ ተማሪዬ ነው። በስልክ የጠየቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ቲቸር፣ ባዮስ ውስጥ ምን ነበር የተለወጠው? እሱን ወደነበረበት ይመልሱት። ቲፒኤሙን ግን ማንም እንዳይነካው።» ሴኪዩር ቡትን መልሼ አበራሁ። የቡት ቅደም ተከተሉንም እንደነበረው አደረግሁ። ሴቭ ብዬ ወጣሁ። ዊንዶውስ ምንም ሳይጠይቅ ተከፈተ።

ሁለት ጥገና ቤትና አንድ ሻጭ ያልነገሩኝ ነገር ይሄ ነው። ቺፑ ማሽኑ እንደ ድሮው መሆኑን ሲያይ ቁልፉን ራሱ ይሰጣል። ቲፒኤሙ ክሊር ተደርጎ ቢሆን ግን ከ48ቱ አሃዝ በቀር መግቢያ አይኖርም ነበር። «ይከፈታል» ያለኝ ሰው ሮስተሩን ለዘላለም ሊዘጋብኝ ነበር።

ዊንዶውሱ እየሠራ ከሆነ ቁልፉን ለማግኘት ማንንም መለመን የለባችሁም። ኮማንድ ፕሮምፕትን አድሚኒስትሬተር አድርጋችሁ ክፈቱ። «ማኔጅ-ቢዲኢ -ስታተስ» (manage-bde -status) የሚለው ትእዛዝ ዲስኩ መቆለፉን ይነግራችኋል። «ማኔጅ-ቢዲኢ -ፕሮቴክተርስ -ጌት ሲ፦» (manage-bde -protectors -get C:) ደግሞ 48ቱን አሃዝ እዚያው ያወጣላችኋል። በእንግሊዝኛ ፊደል ጻፉት፤ ሲ የዲስኩ ስም ነው፣ ከጎኑ ሁለት ነጥብ አለው። አሃዙን በወረቀት ገልብጡ። ስልክ ውስጥ ብቻ አታስቀምጡት፤ ስልክ ይሰረቃል።

እኔ ከዚያም አልፌ የዲስኩን መቆለፍ ጨርሶ አጠፋሁት። ሴቲንግ፣ ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኪዩሪቲ፣ ዲቫይስ ኢንክሪፕሽን፣ ኦፍ። መፍታቱ ጊዜ ይወስዳል። በመሃል መብራት ሄዶ ማሽኑ ቢጠፋ አትደንግጡ፣ ሲነሳ ካቆመበት ይቀጥላል። ማይክሮሶፍት ይህን አጥፉ አይልም፤ እንዲያውም በርቶ ይቆይ ነው የሚለው። የባንክ ወይም የሕክምና መረጃ ይዞ ለሚዞር ሰው ትክክል ነው። ከቤትና ከስታፍ ሩም ለማይወጣ የመምህር ላፕቶፕ ግን ከሌባው ይልቅ ባለቤቱን ነው የሚቆልፈው። አቋሜ ይሄ ነው።

ፋይሉን ሁሉ ወደ ኤክስተርናል ዲስክ ገለበጥኩ። ከፍቼም አየሁ፤ መገልበጡን ብቻ አትመኑ። የቀረው አንድ ከሰዓት አልፈጀም። 8 ጂቢ ፍላሽ፣ የማይክሮሶፍት የራሱ ሚዲያ ክሪኤሽን ቱል፣ ሌሊት ላይ በፓኬጅ ማውረድ። ሴኪዩር ቡትን ማጥፋት አያስፈልግም፤ ዊንዶውስ 10 በርቶም ይጫናል። ልጁ ያጠፋው በከንቱ ነው። ላፕቶፑ ሲነሳ የቡት ሜኑውን ተጭናችሁ ፍላሹን መምረጥ በቂ ነው። ፕሮዳክት ኪ ሲጠይቅ የለኝም በሉና እለፉ፤ የዊንዶውሱ ዓይነት ሆም ከነበረ ሆም፣ ፕሮ ከነበረ ፕሮ ምረጡ። የእኔ ኢንተርኔት ሲያገኝ ራሱ አክቲቬት ሆነ። ከ11ኛ ትውልድ ወዲህ ያለ ኢንቴል ማሽን ላይ መጫኛው ዲስኩን ካላየው ዲስኩ አልተበላሸም፤ የኢንቴል ራፒድ ስቶሬጅ ድራይቨር አስቀድማችሁ ፍላሹ ላይ አድርጉለት። ዋይፋይ ካልሠራ ስልካችሁን በኬብል ሰክታችሁ የዩኤስቢ ቴዘሪንግ (የስልኩን ኢንተርኔት ለላፕቶፑ የሚያካፍለውን) አብሩ፣ ድራይቨሮቹን በዚያ አውርዱ።

አሁን ኤክሴልና ወርድ አብረው ይከፈታሉ፣ ማሽኑ አይቆምም። ሮስተሩን በቀኑ አስረክቤአለሁ።

«10 እኮ ጊዜው አልፎበታል» የሚሉኝ ባልደረቦች አሉ። እውነት ነው፤ ማይክሮሶፍት ድጋፉን ያቆመው ጥቅምት 4 ቀን 2018 ነው። ነገር ግን ተጨማሪ የደኅንነት ማሻሻያ እስከ ጥቅምት 3 ቀን 2019 ለግለሰቦች ፈቅዷል። ማሽኑ 22ኤች2 እትም ላይ መሆን አለበት፤ በማይክሮሶፍት አካውንት ገብቶ ሴቲንጉን ባክአፕ ለሚያደርግ ክፍያ የለውም፣ ካልሆነ 30 ዶላር ነው። እኔ በራሴ አካውንት ተመዝግቤአለሁ። ያ ቀን ሲያልፍ ይህ ላፕቶፕ ከኢንተርኔት ይወጣል፤ ማርክና ፈተና ይሠራበታል፣ ፋይል የሚገባበትም በተፈተሸ ፍላሽ ብቻ ይሆናል።